የስምንቱ ዞኖች ዝርዝር

አቅራቢት፦ የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስምንት ዞኖች ነበሩት፤ ኢትዮጵያውያን ጦማሪያን በ2004 ዓ.ም. ቡድናቸውን «ዞን ዘጠኝ» ያሉት ከዚያ ተነስተው ነው። ዞኖቹ ለፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሰነድ ምሳሌ ይሆናሉ።

አቅራቢ፦ እንዴት አድርገሽ?

አቅራቢት፦ «ዞን» የሚባል ክላስ ላይ ባዶ የታራሚዎች ዝርዝር ብታስቀምጥ ስምንቱም አንዱን ዝርዝር ይጋራሉ። ዞን 1 ላይ የተመዘገበው ታራሚ ዞን 8 ላይም ይታያል፤ ስንቅ ይዛለት የመጣች እናት ያላግባብ ትንከራተታለች። ዝርዝሩ እያንዳንዱ ዞን ሲፈጠር በሚሠራው «ኢኒት» ውስጥ ለየዞኑ መፈጠር አለበት።

አቅራቢ፦ የፓይተን መማሪያ ይህን በውሾች ምሳሌ በደንብ ያስረዳል። ወራሽ ክላስም የወላጁን ዝርዝር እንደሚጋራ ግን እዚያው ምሳሌ ላይ አያሳይም። ጀማሪው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ መጨመር አለበት።

አቅራቢት፦ ሰነዱ በነፃ ይወርዳል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይነበባል። ፕሮግራመሮች፣ የውሾቹ ምሳሌ ያለበትን ክፍል ወደ አማርኛ መልሱት፤ ታራሚ ተማሪም ያንብበው።