ስለ መጠጥ ውኃ ንጽሕና ለመምህራንና ለሽማግሌዎች የተነገረ ንግግር



ሰው ውኃን የሚመረምረው በሦስት ዳኞች ነው፤ በዓይኑ፥ በአፍንጫውና በምላሱ። እነዚህ ዳኞች የሚናቁ አይደሉም፤ ነገር ግን ሰውን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ እነርሱ ሳያውቁት የሚያልፍ ነው። የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለምና፤ ከምንጩ ንጹሕ ሆኖ የወጣውም እስከ አፍ ድረስ ካልተጠበቀ ንጹሕ ሆኖ አይደርስም።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነው ተራራ ቅርብ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነበር። ከተማው ወደ ታች ወደ ፍል ውኃው አቅራቢያ ከወረደ በኋላ የእንጦጦ ውኃም ተከትሎ ወረደ፤ የስዊስ ተወላጅ የነበረው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1880ዎቹ ዓመታት ውኃውን በቧንቧ ስቦ እስከ ቤተ መንግሥቱ አደረሰው። ቤተ መንግሥቱ በኮረብታ ላይ ስለ ሆነ ውኃው ከተራራው ወርዶ እንደ ገና ወደ ላይ መውጣት ነበረበት። ይህም አስማት አይደለም፤ በቧንቧ የታሰረ ውኃ፥ መነሻው ከመድረሻው ከፍ ያለ ከሆነ፥ በራሱ ክብደት ተገፍቶ ይወጣል።

በቧንቧ ያልታሰረው ውኃ ግን ዕጣው ሌላ ነው። ቀበናና ቀጨኔ ከዚሁ ከእንጦጦ ይነሣሉ። በላይ በድንጋይ መካከል ሲወርዱ የጠሩ ናቸው፤ ከተማውን ሲያቋርጡ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና ጥራጊ ይቀበላሉ፤ ወደ አቃቂ ወንዝ ሲደርሱም ለመጠጥ የማይሆኑ ሆነዋል። ተራራው ያው ነው፤ ዝናሙም ያው ነው፤ የጎደለው የመንገዱ ጠባቂ ነው።

እድፉ ሲታይ ሰው ይሸሻል፤ የሚያስፈራው የማይታየው ነው። በለንደን ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1854 ኮሌራ በገባ ጊዜ ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሞቱትን ሰዎች ቤት እየቆጠረ ቢመረምር፥ አብዛኞቹ ከአንድ የጉድጓድ ውኃ የጠጡ ሆነው ተገኙ። የዚያ ጉድጓድ ውኃ የተመሰገነ ነበር፤ ጣዕሙን ወዳ ከሩቅ ሰፈር የምታስቀዳ አንዲት መበለት ስንኳ ነበረች፤ እርሷም ከውኃው ጠጥታ በዚያው በሽታ ሞተች። ምላሷ አላዳናትም።

ስለዚህ ሊቃውንት ለመጠጥ ውኃ ልክ ወሰኑለት። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚለው፥ በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ ከዓይነ ምድር የሚመጣው ኢ ኮላይ የተባለ ረቂቅ ተሕዋስ አንድ ስንኳ ሊገኝ አይገባም። በአንድ ሊትር ውኃ እርሳስ ከ0.01 ሚሊግራም፥ አርሴኒክም እንዲሁ ከ0.01 ሚሊግራም፥ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊግራም፥ ናይትሬት ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ታዟል። እርሳስ ከአሮጌ ቧንቧና ከብየዳው ይወጣል፤ የሕፃናትንም አእምሮ ይጎዳል። ፍሎራይድ በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ይወጣል፤ ሲበዛም ጥርስን ያበልዛል፥ አጥንትንም ያጎብጣል።

ማፍላት ረቂቃን ተሕዋስያንን ይገድላል። እንደ እንጦጦ ባለ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነ ተራራ ግን ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፥ ከ2000 ሜትር በላይ ባለ አገር ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ይመከራል። እርሳስንና ፍሎራይድን ግን እሳት አያጠፋቸውም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን በቀረው ይበረታሉ። ለእነርሱ መድኃኒቱ ውኃውን አስመርምሮ ምንጩን ወይም ቧንቧውን መለወጥ፥ ወይም የሚያጣራ መሣሪያ ማግኘት ነው።

ውኃ የሚበላሽበት የመጨረሻው ቦታ ቤት ነው። በጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ክዳኑ ከተከፈተ አቧራና ወፍ ይገባበታል፤ ካልታጠበም ከሥሩ አተላ ይይዛል። ተሕዋስያንን የሚከላከለው ክሎሪንም ውኃው ብዙ ቀን ሲቀመጥ ይደክማል። በአሮጌ ቧንቧ ሲያድር የሰነበተ ውኃ ጧት ጥቂት ፈስሶ ለእጥበት ቢውል፥ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለመጠጥ ይሻላል። ብዙ ምእመናን ከእንጦጦ ማርያም ጸበል ቀድተው ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ፤ ለጸበል የሚገባው ክብር ከመያዣው ይጀምራልና፥ ጋዝ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጄሪካን ምንም ቢታጠብ ለዚህ ሊውል አይገባውም።

መምህራንም በየትምህርት ቤታቸው አራት ነገር ቢያጸኑ ብዙ ሕፃናትን ያድናሉ። የመጠጥ ጋን ክዳን ይኑረው፤ ውኃው እጅ በማይነካው በቧንቧ ወይም እጀታው ረጅም በሆነ ጭልፋ ይቀዳ፤ መጸዳጃ ቤት ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ በታች በኩል፥ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቆፈር፤ ተማሪም ከመጸዳጃ ሲመለስ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሽማግሌዎችም የምንጩን ዙሪያ አሳጥረው ከብት እንዳይገባበት ቢያደርጉ ድካሙ የአንድ ቀን፥ ጥቅሙ የትውልድ ነው።

ሕፃን ከሚሰጠው ጽዋ በቀር ሌላ የሚመርጠው የለውም፤ የተሰጠውን ጠጥቶ ያመሰግናል። ስለዚህ በጽዋው ውስጥ ያለውን መመርመር ጽዋውን የሚያቀብለው ሰው ዕዳ ነው።