ጣሪያ የነካ መለኪያ

አቅራቢ 1፦ በሚያዝያ 1978 ዓ.ም. የቼርኖቢል ሪአክተር ሲፈነዳ፣ በሠራተኞቹ እጅ የነበሩት አብዛኞቹ የጨረራ መለኪያዎች በሰከንድ ከ0.001 ሮንትገን በላይ ማንበብ አይችሉም ነበር። ይህ በ3,600 ሰከንድ ሲባዛ በሰዓት 3.6 ሮንትገን ይሆናል፤ ዛሬ በምንጠቀምበት አሃድ ደግሞ በሰዓት በግምት 36 ሚሊሲቨርት። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የሚነግረን ግን የመሣሪያውን ጣሪያ እንጂ የጨረራውን መጠን አይደለም።

አቅራቢ 2፦ ታዲያ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው፤ ስሌቱ ምን በደለ የሚሉህ አድማጮች ይኖራሉ።

አቅራቢ 1፦ ልክ ናቸው። ነገር ግን «ቢያንስ» የሚለው ቃል ከቁጥሩ አጠገብ ከጠፋ፣ አሃድ መለወጡ ጣሪያውን እውነተኛ ልኬት ያስመስለዋል። በፈረሰው ሪአክተር አቅራቢያ የነበረው ጨረራ በሰዓት በሺዎች የሚቆጠር ሮንትገን ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን የሚለውጥ ሁሉ የጊዜውን አሃድና የመሣሪያውን ወሰን አብሮ ይጻፍ፤ የሰው ሕይወት የሚወሰነው በዚህ ነው።