ከሐኪም ቤቱ አጥር ውጭ



ትልቅ አሠሪ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመረውን ወንጂን ነው። በኮልፌ ቀራኒዮ ግን ከትልልቆቹ አሠሪዎች አንዱ ፋብሪካ ሳይሆን ሐኪም ቤት ነው፤ ይኸውም አለርት ነው።

በ1958 ዓ.ም. በልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ስፍራ ሲቋቋም፣ ዓላማው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን መርዳትና ለአፍሪካ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። ሆኖም ሐኪም ቤት በሐኪም ብቻ አይቆምም። አስታማሚው፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ዘበኛው ደመወዝ ይቀበላሉ፤ ከዚያው ደመወዝ ባለሱቁም ቤት አከራዩም ይኖራሉ።

ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው ከታከሙት ብዙዎቹ ደግሞ ዘመድ ስለ ሸሻቸው ወደ ትውልድ ቀዬአቸው አልተመለሱም፤ እዚያው ከአጥሩ ሥር ጎጆ ቀለሱ። አንዳንዶቹ በተጎዳ እጃቸው ጥልፍና ሽመና ሠርተው አደሩ። (የሚገርም ትዕግሥት ነው!) ሌሎቹ ግን የሚቀጥራቸው አጥተው ለመኑ።

በዚያው አካባቢ ቆሼ አለ። ከቆሻሻው ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ ሲሸጡ የኖሩት ሰዎች ስማቸው በማንም የደመወዝ መዝገብ አልተጻፈም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2010 ዓ.ም. ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ። ተቃጥሎ ኃይል እንዲሆን የታሰበው ቆሻሻ ለእነዚያ ሰዎች እንጀራቸው ነበር። እኛ ጣቢያው ባልተሠራ አንልም፤ ነገር ግን ቆሻሻ መለየትን ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ ስለሌለ፣ በዚያ ስፍራ ሰው የሚቀጥር ሁሉ አስቀድሞ እነርሱን ይጥራ እንላለን።