ክብና ካሬ በጎንደር ምድር
ስለ ዓርማ አነዳደፍ የቀረበ ንግግር



የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ.፣ የጎንደሩ ፋሲል ግቢ ደግሞ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ገደሉና ግንቡ በመልክ ባይገናኙም ዓርማቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ቤልጅጋዊው ሠዓሊ ሚሼል ኦሊፍ የነደፈው፣ በዚያው በ1978 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ምልክት ነው። በአንድ ክብ ውስጥ አንድ ካሬ በማዕዘኑ ቆሞ ይታያል። ካሬው የሰው ልጅ ጥበብ ያፈራውን፣ ክቡ የተፈጥሮን ጸጋ ያመለክታል፤ ሁለቱም በመስመር ተያይዘዋል። ክቡ የጥበቃም ምልክት ነው ይባላል፤ ይሁን እንጂ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ ለአደጋ ከተጋለጡት ቅርሶች ተርታ መቆየቱ አይዘነጋም።

ይህ ቅርጽ ለደጋው ሰው እንግዳ አይደለም። ባላገሩ ክብ ቤት ሊቀልስ ሲነሣ አስቀድሞ በመካከሉ ችካል ይተክላል፤ ገመድ አስሮም ዙሪያውን መሬት ላይ ይጭራል። ችካሉ የኮምፓሱ እግር፣ ገመዱ ራዲየሱ መሆኑ ነው። በክብ አብያተ ክርስቲያናትም ቅኔ ማኅሌቱና ቅድስቱ ዙሪያውን ሲከቡ፣ መቅደሱ አብዛኛውን ጊዜ ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ በመካከል ይቆማል። የዐፄ ፋሲል ግንብ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል፤ አራት ማዕዘኑን ሕንፃ በየማዕዘኑ ክብ ማማዎች ይዘውታል።

በነዚህ ሥራዎች ሁሉ ልኬቱ ከግድግዳው ይቀድማል። በዘመናችን የዓርማ ሥራ ግን ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ይታያል። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ክቦች ይደረደሩበትና 1 ለ1.618 በሚባለው ወርቃማ ምጥጥን የተሠራ ነው ተብሎ ለደንበኛው ይቀርባል። የአፕል ኩባንያ ዓርማ ብዙ ጊዜ እንዲህ በክቦች ተሸፍኖ ይታያል፤ በ1977 እ.ኤ.አ. የነደፈው ሮብ ጃኖፍ ግን የፖም ፍሬዎችን ገዝቶ ከፊቱ አስቀምጦ እንደሣለው ተናግሯል። ሥዕሉ በዚህ ምክንያት ምንም አልጎደለበትም። የጎደለው የማስረጃው እውነተኛነት ነው፤ ደንበኛውም በክቦቹ ብዛት ተደንቆ ያልተፈተነ ሥራ ይቀበላል።

በትክክል የተለካ ክብ እንኳ ዓይንን ያታልላል። ቁመታቸው እኩል 100 ሚሊሜትር የሆነ ክብና ካሬ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ክቡ ያነሰ ይመስላል፤ ስፋቱ በእርግጥም ከካሬው 78.5 በመቶ ያህል ብቻ ነውና። ስለዚህ ጠንቃቃ ነዳፊ ክቡን ከመስመሩ ጥቂት ያሳልፈዋል። «ዐ»ን ከ«በ» ጎን የሚቀርጽ የፊደል ባለሙያም ይህንኑ ያደርጋል። እዚህ ላይ ኮምፓሱ ለዓይን ቦታውን ይለቃል።

የካሬው ማዕዘኖች ክቡን እንዲነኩ ከተፈለገ ደግሞ የካሬው ጎን ከክቡ ዲያሜትር 70.7 በመቶ ያህል ይሆናል። ይህ ስሌት በአገራችን ትርጉም የሚያገኘው በመሥሪያ ቤት ማኅተም ላይ ነው። ማኅተሙ ብዙውን ጊዜ ክብ ነው፤ በዙሪያው የመሥሪያ ቤቱ ስም ይጻፋል፤ ለዓርማው የሚተርፈው የመካከሉ ቦታ ብቻ ነው። ዲያሜትሩ 40 ሚሊሜትር በሆነ ማኅተም ላይ ጽሑፉ በየወገኑ 8 ሚሊሜትር ቢወስድ የ24 ሚሊሜትር ክብ ይቀራል፤ ካሬው በዚያ ውስጥ ከ17 ሚሊሜትር አያልፍም። በሰሌዳ ላይ ያማሩት ቀጫጭን መስመሮች እዚህ ሲደርሱ ቀለም ይሞላባቸዋል። ሥራው ለደንበኛው ከመቅረቡ በፊት በዚህ መጠን ተቀርጾ፣ በተራ ወረቀት ላይ ጥቂት ጊዜ ተመትቶ መታየት ይኖርበታል።