ከወገዳ እስከ ጨረር ሕክምና፦ የካንሰር ዕቅዳችንን በቀን እንለካው

(በማኅበራችን ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ካንሰር ተናገር ሲሉኝ "ምሳ ከመበላቱ በፊት ይሁን እንጂ" ብያቸዋለሁ። በእኛ አገር ስሙ አይጠራም፣ "ያ ክፉ በሽታ" ነው የሚባለው። እኔ ግን ዛሬ በስሙ እጠራዋለሁ።

አገራችን የመጀመሪያውን ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ነበር ያወጣችው። መከላከሉም፣ ቀድሞ መለየቱም፣ ሕክምናውም፣ ሕመም ማስታገሱም ተጽፎበታል፤ ደህና ዕቅድ ነው። ከዚያ በፊት የጨረር ሕክምና ለመላው አገር በጥቁር አንበሳ ብቻ፣ ያውም በኮባልት ማሽን ይሰጥ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ተራ ለብዙ ወራት ይጠበቅ ነበር። ስለዚህ ወደ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐሮማያና መቀሌ እንዲስፋፋ ታቀደ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዕቅዱ ሲነሣ ወሬው ሁሉ ማሽን ሆነ። መጣ ወይ? ተተከለ ወይ? ተበላሸ ወይ?

ማሽኑ አያስፈልግም የሚል የለም። እስቲ ግን ዕቅዱን ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከስማዳ ጀምረን እንየው።

ወገዳ አጠገብ የምትኖር አንዲት እናት ጡቷ ላይ ሽምብራ የምታህል እብጠት ዳሰሰች እንበል። አያማትም። የማያም ነገር ደግሞ በእኛ ዘንድ በሽታ አይደለም እኮ! አዝመራው ይሰብሰብ ትላለች። ከዚያ ጠበል ትገባለች። ጠበሉን አልነቅፍም፣ ከሐኪሙ ጋር ጎን ለጎን መሄድ ይችላል፤ ቄሶቻችን ይህን ሲናገሩ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ይደመጣሉ። ጤና ጣቢያ ስትደርስ መግል ይዞ ይሆናል ተብላ መድኃኒት ተሰጥቷት ትመለሳለች። ሲብስባት ሪፈር ወደ ደብረ ታቦር። ናሙና ይወሰዳል፤ የሚያነበው ባለሙያ ግን ሩቅ ነው፤ ውጤት ይጠበቃል። ከዚያ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር፣ ከዚያም አዲስ አበባ። በየማረፊያው የመኪና፣ የአልጋ፣ የአስታማሚ ወጪ አለ። በሬው ተሸጠ። ሽምብራዋም እስከዚያ ሽምብራ ሆና አትቆይም።

ልብ በሉ፣ እስካሁን የማሽን ነገር አልተነሣም። የተበላው ጊዜ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለጡት ካንሰር ያስቀመጠው ግብ አለ፤ ሴቲቱ ጤና ተቋም ከረገጠችበት ቀን ጀምሮ ምርመራዋ በ60 ቀን ውስጥ ያልቅ ይላል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ አምስት ቀን ጨምሩበት። እኔ ብጠየቅ ብሔራዊ ዕቅዱን በየወረዳው የምለካው በዚች አንዲት ቁጥር ነው። ስንት ማሽን ተገዛ ሳይሆን፣ የእስቴዋ እናት ስንት ቀን ፈጀባት?

የማኅፀን በር ካንሰርማ ከዚህም ይቀላል። ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በትምህርት ቤት መሰጠት ጀመረ። ትምህርት ያቋረጠችው፣ በልጅነቷ የተዳረችውስ? የእኛ አገር ጉዳይ እሷ ናት። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ እናቶች ደግሞ ምርመራው በአቼቶ ነው፤ የሠለጠነች ነርስ ወይም አዋላጅ ቀብታ፣ ደቂቃ ጠብቃ፣ በዓይኗ ታያለች። ቅድመ ካንሰር ከተገኘ ብዙውን ጊዜ እዚያው፣ በዚያው ቀን ይታከማል። ለዚህ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም።

የጤና መድኅን ሲጀመር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዷ የራሳችን ዞን ፎገራ ነበረች፣ በ2003 ዓ.ም.። ደብተሩ ብዙ ሰው አድኗል። የመኪናውንና የአልጋውን ወጪ ግን አይሸፍንም፤ ከስማዳ ለሚነሣ ሰው ደግሞ ትልቁ ወጪ እሱ ነው። መንገድ ሲዘጋማ ምን ልበላችሁ! በነሐሴ 2013 የነፋስ መውጫ ሆስፒታል በጦርነቱ ሲዘረፍ ያየን ነን። ሰላም የሌለበት ዕቅድ ሪፈር ወረቀት ብቻ ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የደንቢያ ወባ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው ሠልጥነው፣ በቡድን ወደ ገጠር ነበር የሚላኩት። ሥራው ከመንደር ይጀምር ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዘግይታ የደረሰችውን እናት "ከእንግዲህ ቤትሽ ሂጂ" ብሎ መሸኘት አለ። ቤቷ ስትገባ ሕመሙ አብሯት ነው የሚገባው። የሚዋጥ ሞርፊን ርካሽና የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ዕቅዱም ማስታገሻን ያውቀዋል። ወረዳ ሆስፒታል ካልደረሰ ግን ለእሷ ምኗም አይደለም።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸውና። ፓቶሎጂስት የሆናችሁ፣ በወር ጥቂት ሰዓት ሰጥታችሁ ከደብረ ታቦር የሚላክ ናሙና ልታነቡ የምትችሉ፤ ጎንደርና ባሕር ዳር ቤት ያላችሁ፣ ለአስታማሚ አንድ ክፍል የምትለቁ፤ ውጭ አገር ያላችሁ፣ የመኪና ወጪ የምትሸፍኑ፤ መዝገቡ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስማችሁንና ስልካችሁን ከምሳ በፊት ጻፉልኝ።