መንፈሳዊ ሥዕል ጥንትና ዛሬ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። ላልተገኙት እንዲደርስ በሰሌዳ ተለጥፏል።)



እኔ ጸሐፊ እንጂ ሰዓሊ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ቢሆንም ላሊበላ ተወልዶ ሥዕል አላውቅም የሚል የለም፤ ስለዚህ በዓይናችን ካየነው ተነሥቼ እናገራለሁ።

ጉዳዩ የተነሣው በጽዋ ማኅበርተኞች ነው። የእመቤታችን ሥዕል ይምጣ ሲባል ገሚሱ «የታተመ ወረቀት ይገዛ፤ ርካሽ ነው፣ ያብረቀርቃል» አለ። ገሚሱ «የሠፈራችን ልጅ በእጁ ይሣለው» አለ። ሦስተኛው ወገን ደግሞ «ቅዱስ ሥዕል እስከሆነ ድረስ አማረ አላማረ ምን ያደርጋል? ጸሎት የሚሰማው እግዚአብሔር ነው» አለ።

ይህ የመጨረሻው ነገር እውነት አለበት። አንዲት እናት በታተመ ወረቀት ፊት ቆማ ብትጸልይ ጸሎቷ ከማንም አያንስም። ማንም እንዳይንቃት። ነገር ግን መሥራት የሚችል ሰው «ለእግዚአብሔር ነው፤ እንዲያው ይብቃው» ማለት ሌላ ነገር ነው። አቤል ከመንጋው የተሻለውን ነው ያቀረበው። በኦሪትም ነውር ያለበት መሥዋዕት አይቀርብም ነበር።

አባቶቻችን እንዴት እንደሠሩ እንይ። ቤተ ማርያም ግቡና ቀና በሉ። ጣራው ሳይቀር ተፈልፍሎ፣ በቀለም ተጊጧል፤ ዓይን በቅጡ በማይደርስበት ከፍታ ላይ! ቤተ ጎልጎታ ግድግዳው ላይ ቅዱሳኑ በሰው ቁመት ልክ ተቀርጸዋል። ገነተ ማርያም የተሣለችው በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1270–1285) ነው፤ ከ700 ዓመት በኋላም ሥዕሉ ይታያል።

«የውጭ ነገር ገብቶ አበላሸን» የሚሉም አሉ። የውጭው ግን ዛሬ አልጀመረም። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ፍሬ ጽዮን የሚባል ታላቅ ሰዓሊ ነበረን። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሰው መጥቶ በአገራችን ሣለ። ኋላም ከሮም የመጣውን የእመቤታችንን ሥዕል ሰዓሊዎቻችን አዩት። የእጇን አያያዝ ወሰዱ፤ ፊቷን፣ ዓይኗንና ቀለሙን ግን የራሳቸው አደረጉት። እንግዲህ ጉዳቱ ከውጭ በማየት አይደለም። ጉዳቱ ሳይገባን በመገልበጥ ነው።

ሥራው ሕግ አለው። ብራና ተነክሮ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ነው ብራና የሚሆነው። የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ሰይጣንና ከሓዲ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን የማያውቅ ልጅ የቸኮለ ዕለት ጁዳስን ከሐዋርያት ጋር አንድ ያደርገዋል። ጭራሽ አንዳንዱ አዲሱን ብራና በጭስና በሻይ አስረጅቶ «የጥንት ነው» ይላል። ይህ ሐሰት ነው። የዛሬው ሥራ ከረከሰ ደግሞ ገዢው ጥንታዊውን ብቻ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ሌባ ይነሣል። በ1989 ዓ.ም. አፍሮ አይገባ መስቀል ከመድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ቤልጅግ ድረስ መሄዱን የማያውቅ የለም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተመልሷል።

ታዲያ የዘመኑ ሥዕል ሁሉ ከንቱ ነው ወይ? አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሐረር ሰው ናቸው፤ አባታቸው አለቃ ደስታ ነጎ የሃይማኖት መጻሕፍት ይጽፉና ያስጌጡ ነበር። ልጃቸው ግን በአዲስ መንገድ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1963 «ጎልጎታ» የሚለውን ሥዕል ሠሩ። አንዳንዶች «ይህ ኢትዮጵያዊ አይደለም» ብለው ነቀፏቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ። ዘሪሁን የትምጌታም የድሮውን የክታብ ሥዕል ይዘው በቀርከሃ ላይ አዲስ ነገር አምጥተዋል። የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላምም ከቤተ ክርስቲያን ሰዓሊዎች ዘር ናቸው። እርግጥ «ጎልጎታ» መቅደስ ይሰቀል አላልኩም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓት አለው፤ የአዳራሹ ሥዕል ነፃነት አለው። ሁለቱም ግን ተጠንቅቆ መሥራትን ይፈልጋሉ።

ወጣቶቻችንን ብቻ አንውቀስ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት ከተማችን ገባ፤ ቱሪስት ጠፋ። የራበው ሰዓሊ ይቸኩላል። ገዢውም እንደ ሽንኩርት ከተከራከረው የሽንኩርት ዋጋ ያህል ይሠራለታል።

ስለዚህ ለውሳኔ የሚከተለውን አቀርባለሁ፤

1ኛ/ ሥዕሉ በሠፈራችን ልጅ በእጅ ይሣል። ቀብድ ይሰጠው፤ ለበዓል አይጣደፍ፣ በቂ ወራት ይኑረው።

2ኛ/ ቀለም ከመግባቱ በፊት ንድፉን ሥርዓት የሚያውቁ መምህር ይዩት።

3ኛ/ ሠሪው ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ይጻፍበት። አዲስ መሆኑ አያሳፍርም።

4ኛ/ ያረጀ ሥዕል ላይ ማንም የቤት ቀለም እንዳይቀባ። ጉዳት ያየ ሰው ለደብሩና ለቅርስ ጽሕፈት ቤት ያስታውቅ።

ገንዘቡ ከወረቀቱ ይበልጣል፤ አልደብቅም። ነገር ግን ወረቀቱ የሚያበላው የሩቅ ማተሚያ ቤትን ነው፤ ይህኛው ሙያ ይዞ እዚሁ የሚቀር ልጅ ያተርፍልናል። ሙያው ከጠፋ የልጅ ልጆቻችን ጣራውን ቀና ብለው አይተው «እነማን ነበሩ?» ከማለት በቀር ምንም አይኖራቸውም።

በሚመጣው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። ተቃውሞ ያለው ሰው በጽሑፍም በቃልም ለጸሐፊው ያቅርብ፤ ይሰማል።

የማኅበሩ ጸሐፊ