ማን ወዴት ይሄዳል?

ስለ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ምርጫና ስለ ተማሪዎች ዕድል በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



በዚህ በዓል ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንዱ ንግግር እንዲያደርግ በተወሰነ ጊዜ ዕድሉ ለእኔ ስለ ደረሰኝ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። የመረጥሁት አርእስት ግን ለአንዳንዶቻችሁ ለበዓል የማይገባ ጨዋታ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል፤ ስለ ቅርጫት ኳስ ነውና። በአሜሪካ አገር ከየኮሌጁ የሚወጡትን ወጣቶች ታላላቆቹ ክለቦች እንዴት እንደሚመርጡ፥ ሰዎችም ማን ወደየትኛው ክለብ እንደሚሄድ አስቀድመው ለመገመት እንዴት እንደሚደክሙ እነግራችኋለሁ። ጥቂት ብትታገሡኝ ነገሩ ከአሜሪካ ተነሥቶ ሮቤና ጎባ ይደርሳል።

በመጀመሪያ ደንቡን ላስረዳ። ኤን ቢ ኤ በሚባለው ማኅበር ውስጥ 30 ክለቦች አሉ። በየዓመቱ በሰኔ ወር ተሰብስበው ወጣቶቹን ተራ በተራ በሁለት ዙር ይመርጣሉ። ተጫዋቹ ክለቡን አይመርጥም፤ ክለቡ ነው ተጫዋቹን የሚመርጠው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ተራው የሚሰጥበት መንገድ ነው። ባለፈው ዓመት ያሸነፉት ከኋላ ይቆማሉ፤ የተሸነፉት ከፊት ይቀድማሉ። ምክንያቱም ጠንካራው ሁልጊዜ ጠንካራውን እየወሰደ ከሄደ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ስለሚቀር ነው። አንዳንድ ክለብ የፊቱን ተራ ለማግኘት ሲል ሆን ብሎ እንዳይሸነፍም፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1985 ጀምሮ ለመጀመሪያዎቹ ተራዎች ዕጣ ይጣላል።

ከምርጫው በፊት ባሉት ወራት ጋዜጠኞችና አዋቂዎች ነን የሚሉ ሁሉ የግምት ዝርዝር ያወጣሉ። የወጣቱን ቁመት፥ የክንዱን ርዝመት፥ ወደ ላይ የሚዘልበትን ልክ፥ በኮሌጅ ያገባውን ነጥብ ይመዝናሉ። ግምቱ አንዳንድ ጊዜ ይሠምራል። በ2003 ሌብሮን ጄምስ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ አንደኛ ሆኖ ወደ ክሊቭላንድ ሄደ፤ በ2023 ፈረንሳዊው ቪክቶር ዌምባንያማ አንደኛ ሆኖ ወደ ሳን አንቶኒዮ ሄደ። ሁለቱንም ያልገመተ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ነገር ግን የሌሎቹን ዓመታት መዝገብ እንግለጥ። በ1984 ሂውስተን በመጀመሪያው ተራ ናይጄሪያዊውን ሃኪም ኦላጁዎንን መረጠ፤ ይህ መልካም ምርጫ ነበር። ፖርትላንድ በሁለተኛው ተራ ሳም ቦዊን መረጠ። ቺካጎ በሦስተኛው ተራ ማይክል ጆርዳንን ወሰደ። ጆርዳን ለቺካጎ ስድስት ጊዜ ዋንጫ አስገኘ፤ ቦዊ ግን እግሩ ደጋግሞ እየተሰበረ ብዙ ጊዜ ሳይጫወት ቀረ። ፖርትላንድ ሞኝ ሆኖ ነውን? አይደለም። በዓመቱ በፊት በጆርዳን ቦታ የሚጫወተውን ክላይድ ድሬክስለርን መርጦ ነበርና የጎደለው በቅርጫቱ ሥር የሚቆም ረጅም ሰው ነበር። ክለቡ ምን እንደ ጎደለው የሚያውቅ ሰው የምርጫውን ምክንያት ለመረዳት አይቸገርም ነበር። ሰውዬው ወዴት እንደሚሄድ መገመት ይቻል ነበር፤ ሰውዬው ምን እንደሚሆን ግን አልታወቀም። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የዛሬው ንግግሬም በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

በ2013 ክሊቭላንድ አንቶኒ ቤኔትን አንደኛ አድርጎ መረጠው፤ ከአራት የጨዋታ ዘመን በኋላ በማኅበሩ ውስጥ አልቆየም። በዚያው ቀን ከናይጄሪያ ወላጆች ግሪክ አገር የተወለደው ያኒስ አንቴቶኩንፖ 15ኛ ሆኖ ወደ ሚልዋኪ ሄደ፤ በ2021 ሚልዋኪን ለዋንጫ አበቃ። በሚከተለው ዓመት፥ በ2014፥ የሰርቢያው ኒኮላ ዮኪች 41ኛ ሆኖ ሲመረጥ ቴሌቪዥኑ የምግብ ማስታወቂያ ያሳይ ነበር። ይህ ሰው ሦስት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። በመጽሐፍ ቅዱስም ነቢዩ ሳሙኤል ወደ እሴይ ቤት በሄደ ጊዜ መልከ መልካሙንና ቁመተ ረጅሙን ታላቅ ልጅ አይቶ የሚቀባው እርሱ መሰለው፤ የተመረጠው ግን በጎች ይጠብቅ የነበረው ታናሹ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ የአሜሪካ ወሬ ለእኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። እንግዲያውስ ወደ አገራችን እንመለስ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማራቶንን ያሸነፈውን አበበ ቢቂላን ከውድድሩ በፊት ያወቀው የውጭ ጋዜጠኛ ጥቂት ነበር። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ የሆነውንስ ማን ይረሳዋል? ታምራት ቶላ ለተጠባባቂነት የተያዘ ሯጭ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት በቀረ ጊዜ ታምራት በቦታው ገባ፤ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክን ክብረ ወሰን አሻሽሎ ወርቁን አመጣ። ተጠባባቂ ያደረጉት ሰዎች ጠላቶቹ አልነበሩም፤ የአገራችን ፈጣን ሯጭ ብዙ ሲሆን ቦታው ሦስት ብቻ ስለ ሆነ ነው። ታምራት ግን ተጠባባቂ ነኝ ብሎ ልምምዱን ትቶ ቢሆን ኖሮ ቦታው በተከፈተ ጊዜ የሚገባበት ሰው ባልተገኘም ነበር።

ስለ ምርጫና ስለ ግምት ከእኛ ገበሬዎች የበለጠ የሚያውቅ የለም። በዚህ አዳራሽ የተቀመጡት የሲናና፥ የአጋርፋና የጋሠራ አባቶች ይመስክሩልኝ። ኩብሳ የሚባለው የስንዴ ዝርያ ሁሉ የሚወደው ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ ክፉኛ አጠቃው። ከዚያ በኋላ ብዙው ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚችለው ወደ ዲገሉ ዞረ። በ2006 ዓ.ም. መኸር ደግሞ የግንድ ዋግ መጥቶ በባሌና በአርሲ ዲገሉን መታው። ዲገሉን የመረጠ ገበሬ አላጠፋም፤ ዝርያው ያለፈውን ፈተና በእውነት አልፎ ነበር። የሚመጣው ፈተና ግን ካለፈው የተለየ ሆነ። ስለዚህ ብልህ ገበሬ ማሳውን ሁሉ በአንድ ዝርያ አይሸፍንም፤ ቡቃያውን አይቶም ኩንታል አይቈጥርም።

አሁን ወደ እኛ ወደ ተማሪዎቹ ልምጣ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ በየትምህርት ቤቱ ግቢ እንደ አሜሪካኖቹ የግምት ዝርዝር ይወጣል። «እገሌ ሕክምና ይገባል፤ እገሊት አዲስ አበባ ትመደባለች፤ እገሌ እዚሁ መዳ ወላቡ ይቀራል፤ እገሌ ግን ወደ አባቱ እርሻ ነው» እየተባለ ይወራል። ከዝርዝሩ ራስ ላይ ያለው ይኰራል፤ ከግርጌው ያለው ከፈተናው በፊት ይወድቃል። ጨዋታ ነው የምንለው ነገር በአንድ ልጅ ልብ ላይ ፍርድ ሆኖ ይቀመጣል።

ቍጥሩም ለግምት አይመችም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ሁሉ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆኑ። ከመቶ ተማሪ ሦስቱ ብቻ በሚያልፉበት ዓመት የክፍሉን የመጀመሪያዎቹን አሥር እየቈጠረ ወዴት እንደሚሄዱ የሚደለድል ሰው አጥብቆ ቢያስብ መልካም ነበር። ደግሞም የማለፊያውን ውጤት ሳያገኙ በአቅም ማሻሻያው ትምህርት ገብተው፥ ዓመቱን በትጋት ተምረው፥ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚገኙ አሉ። እነርሱ የእኛ 41ኞች ናቸው።

ይሁን እንጂ የንግግሬ ዋና ነጥብ ገና አልተነገረም። በአሜሪካኖቹ ደንብ ደካማው ክለብ ከፊት ይመርጣል ብያችኋለሁ። በእኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ተማሪው ምርጫውን ይሞላል፤ ብዙ ነጥብ ያለው ይቀድማል፤ የሚመርጠውም አስቀድሞ የጠነከረውን ቦታ ነው። ይህን ስል ተማሪው አይምረጥ ማለቴ አይደለም፤ ሰው እንደ ኳስ ተጫዋች በተራ ሊወሰድ አይገባውም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ላቅርብ፦ ባሌ እንደ አንድ ክለብ ሆና የመጀመሪያው ተራ ቢሰጣት ማንን ትመርጥ ነበር?

በእኔ ግምት በመጀመሪያ ሐኪም ትመርጣለች። የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የሚቀበለው የከተማ በሽተኛ ብቻ አይደለም፤ ከሐረና ደን ማዶ፥ ከደሎ መና የሚመጣው ሰው የሣነቴን ብርድ ተሻግሮ ነው የሚደርሰው። ሁለተኛ የስንዴ አዋቂ ትመርጣለች፤ የሚመጣውን ዋግ ከመምጣቱ በፊት የሚያይ ዐይን በሲናና ምርምር ማእከል ያስፈልጋልና። ሦስተኛ ስለ አራዊትና ስለ ደን የተማረ ሰው ትመርጣለች፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች የሚበዙትም በዚህ ነው የሚኖሩት። አራተኛ፥ መምህራኖቼ ይፍቀዱልኝና፥ የሒሳብ አስተማሪ ትመርጣለች፤ ያለ እርሱ ከላይ የቈጠርኋቸው ሦስቱ አይገኙም።

ግምት ማውጣት ልማድ ከሆነ እኔም የራሴን ግምት በዚህ መጽሔት ተጽፎ እንዲቀር እሰጣለሁ። የማንንም ስም አልጠራም። ከእኛ ክፍል ጥሩ ውጤት ከሚያመጡት የሚበዙት ከባሌ ይወጣሉ፤ ከወጡትም የሚበዙት አይመለሱም። የምገምተው ይህን ነው። ስለማይወዱን አይደለም፤ የሚጠራቸው ስለሌለ ነው። የአሜሪካው ክለብ ወጣቱን መርጦ ዝም አይልም፤ አሠልጣኝ ያቆምለታል፥ ደመወዝ ይከፍለዋል፥ እስኪበስል ይታገሠዋል። ሚልዋኪ አንቴቶኩንፖን ስምንት ዓመት ባይጠብቀው ኖሮ ዋንጫውን ባላየም ነበር። እኛ ግን ልጁን በአውቶቡስ ከሸኘነው በኋላ «ደረሰ ወይ?» ብለን ጠይቀን እንቀራለን።

ስለዚህ ይህ ግምቴ ሐሰት እንዲሆን ሦስት ነገሮች እለምናለሁ። መምህራንን የምለምነው ከዚህ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ፥ ያለፈውም ያላለፈውም፥ የት እንደ ደረሰ የሚጻፍበት አንድ መዝገብ በትምህርት ቤቱ እንዲቀመጥ ነው። እንዲህ ከሆነ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ወሬ ሳይሆን እውነተኛ ቍጥር ይኖራቸዋል። ወላጆችን የምለምነው ልጃችሁ በክረምት ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ እንግዳ አድርጋችሁ ብቻ እንዳታስቀምጡት፥ ለታናናሾቹ ሒሳብና እንግሊዝኛ እንዲያስተምር ወደዚህ ትምህርት ቤት እንድትልኩት ነው። ጓደኞቼን የምለምነው ደግሞ ከዝርዝር ግርጌ የጻፋችሁትን ስም እንድትፍቁ ነው። የሚፈተነው በወረቀቱ ላይ እንጂ በእናንተ አፍ ላይ አይደለምና።

ሰው ያስባል፥ እግዚአብሔር ይፈጽማል ይባላል። ማሰብ ግን የእኛ ድርሻ ነው። ማን ወዴት እንደሚሄድ መገመት ቀላል ነው፤ ተሳስተንም ብንገኝ የሚጠይቀን የለም። የሄደው ሰው ምን እንዲሆን እንደምንረዳው ማሰብ ግን ከባድ ነው፤ በዚህ በዓል ላይ ልናስበው የሚገባንም ይኸው ነው።